እናቴ ሶዶ ላይ የተለቀሰላት ሰሞን

ቅቤ ሻጯ ጎረቤቴ ያለ ክርክር ጨው የገዛችኝ ዕለት፣ የሶዶ ሰው ሊያባርረኝ ተማክሯል ብዬ ደመደምኩ።

ሴትዮዋን ለማያውቅ ሰው ይህ ዕብደት ይመስላል። እኔ ግን አውቃታለሁ። ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ በየገበያው ቀን ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ትመጣለች። ገና ሳትቀመጥ ጨዌን ትሰድባለች፤ አፈር አለበት ትላለች። እኔም ቅቤዋን አሸትትና ፊቴን አጨማድጄ «ይህ የላም ነው የአህያ?» እላታለሁ። እሷ የመጣሁበትን አገር ትረግማለች፣ እኔ በሚዛኔ እምላለሁ። ጥላኝ ትወጣለች፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ እጠራታለሁ፣ እንደማይሰማ ሰው ሆና ጥቂት ትሄድና ትመለሳለች። ተስማምተን ከጨረስን በኋላ ደግሞ «መርቅልኝ እንጂ፣ አንተ ስስታም ዐረብ!» ብላ አንድ እፍኝ ጨው ዘግና ትሄዳለች። ይህ የእኛ ሰላምታ ነበር። ያን ዕለት ግን ቅቤዋን አስቀመጠች፣ የሰጠኋትን ጨው ጎንበስ ብላ እንኳ ሳታየው ተቀበለች፣ ከዚያ ፊቴን ትክ ብላ አይታ፣

«እህል ቀመስክ?» አለችኝ።

«ቀምሻለሁ።»

«ምን በላህ?»

«ምን አገባሽ? ይልቅ ጨውሽን እዪው። አፈር የለበትም?»

«ደህና ነው» አለችና ወጣች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ትዞራለች ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አልዞረችም።

ነጋዴ የሚጮህ ገዢ አያስፈራውም። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚከፍለው ነው፤ ወይ ሌላ ሱቅ አግኝቷል፣ ወይ አዝኖልሃል። ሁለተኛውን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ነገሩ ይህ ነበር። እናቴ ሞታለች። ባሕር ማዶ፣ የመን፣ እኔ በተወለድኩበት ተራራ ላይ ሞታ ከተቀበረች ወራት አልፈዋል። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

*

ወደ ሶዶ የመጣሁት ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያገሬ ተራራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበበት፣ ማሳው ከምንሰግድበት ምንጣፍ ብዙም የማይሰፋ ነበር። ጢሜ በቅጡ ሳይበቅል በጀልባ ጅቡቲ ተሻገርኩ፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ ገባሁ፣ አራዳ ገበያ ውስጥ ያንድ ያገሬን ሰው ሱቅ እየጠረግሁ አማርኛ ተማርኩ። አስተማሪዎቼ ተሸካሚዎችና ደላሎች ስለነበሩ አማርኛዬ ስድቡ የተሟላ፣ ምርቃቱ የጎደለ ነበር። ምርቃቱን የተማርኩት ሶዶ ነው።

ሱቄ ከገበያው በላይ፣ የዳሞታን ተራራ በጀርባዋ የተሸከመች ሁለት ክፍል የሣር ቤት ነበረች። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ጨው፣ አቡጀዲ፣ መርፌና ክር፣ ሳሙና፣ ላምባ እሸጣለሁ፤ ከኋላ እተኛለሁ። በግራዬ የአንድ ወላይታ ሽማግሌ የእንሰት ጓሮ ነው። በሰፈሩ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት የሚያስቀብሩ እሳቸው ናቸው። በቀኜ ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አለ። ከመንገዱ ማዶ ቅቤ ሻጯ ትኖራለች። ትንሽ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ በአገረ ገዢው ግቢ የሚሠራ ጸሐፊ ወዳጅ ነበረኝ። አባቱ ከሸዋ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ከወላይታ ልጆች ጋር ቦዬ የሚሉትን የተቀቀለ ሥር እየተሻማ ያደገ ነው።

ሰዉ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም እንደዚያ ያለ ደግ ሰው ቆዳ ለመግዛት በዞርኩበት አገር ሁሉ አላየሁም። ግን «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት» ይባላል፤ እኔም ነጋዴ ነኝና አሁን ምን ዓይነት ማዕድን እንደሆንኩ በየጊዜው እመረምር ነበር። ስሜን የሚጠራ አልነበረም፤ ለሁሉም «ዐረቡ» ነኝ። በጊፋታ፣ በወላይታ አዲስ ዓመት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ በሬ ጥሎ ሥጋ ሲከፋፈል እኔ መደብ አይወጣልኝም። ክፋት አይደለም፤ የክርስቲያን ቢላ ያረደውን እንደማልበላ ያውቃሉ። በምትኩ ቆጮና በቅቤ የራሰ አይብ በእንሰት ቅጠል ይላክልኛል። እሱን ከጨው ጆንያዎቼ መካከል ተቀምጬ፣ የእነሱን ዘፈን እየሰማሁ ለብቻዬ እበላለሁ። አይቡ ይጣፍጣል። ግን እየበላሁ ሁልጊዜ አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፤ ነገ ሱቄን ዘግቼ ብሄድ ለእነዚህ ሰዎች ከጨው በቀር ምን ይጎድልባቸዋል?

መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጨው ከገሱባ ገበያም ይገኛል።

*

በዚያ ሰሞን ቆዳ ፍለጋ ወደ ቢላቴ ቆላ ወርጄ ወባ ይዤ ተመለስኩ። ከኋላ ክፍል ወድቄ ስንቀጠቀጥ ሽማግሌው ጎረቤቴ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ሱቄ በር ላይ ተቀመጡ። የዕቃውን ዋጋ ስለማያውቁ ለመጣው ሁሉ «ዐረቡ ሲድን ና» እያሉ ይመልሱ ነበር። ስድን ገበያው ሁሉ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ሱቅ ጠባቂ በደመወዝ አይገኝም።

ያገሬ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጨንቻ የሚሄድ ነጋዴ፣ የደረሰው እኔ እንዲያ በተኛሁበት ቀን ነው። የእናቴን ሞት ጅቡቲ ከገቡ ሰዎች ሰምቶ ሊነግረኝ ነበር የመጣው። በእኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም። ሰውየው ይመጣል፣ «ኢና ሊላህ» ይላል፣ ይነግርሃል፣ አጽናንቶህ ይሄዳል። እሱም በዚሁ ልማድ ጫማውን አውልቆ ሊገባ ሲል ሽማግሌው በትራቸውን በበሩ ላይ ጋደም አደረጉ። የሆነውን ያገሬ ልጅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሱ ነገረኝ።

«ምን ልትነግረው ነው?» አሉት።

«እናቱ መሞቷን።»

«ትነግረዋለህ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ መንገዴን እሄዳለሁ፤ በቅሎዎቼ ቆመዋል።»

«እና ማን ይይዘዋል? የታመመ ሰው መርዶ ይነገረዋል? ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ እንደ ጨው ዋጋ? አንተ ሰው አይደለህም?»

ያገሬ ልጅ ሊከራከር ሞከረ። ሽማግሌው እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፣ አበሉት፣ ለማንም እንዳይናገር አስማሉት፣ ከገበያው ወዲያ ድረስ ሸኝተው ጨንቻ መንገድ ላይ አኖሩት። «ያገርህ ሰዎች አባረሩኝ» አለኝ ሲያጫውተኝ፣ አሁንም በመጠኑ እንደተቀየመ። ያገርህ ሰዎች ያለው ወላይታዎቹን ነው። የሱና የኔ አገር አንድ መሆኑን እዚያው የረሳው ይመስለኛል።

*

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ከአልጋ ስነሳ ሶዶ ሌላ ሶዶ ሆና እንደጠበቀችኝ ነው።

መጀመሪያ የቅቤ ሻጯ ነገር መጣ። ቀጥሎ ሰው ስገባ ጨዋታ ማቆም ጀመረ። ሁለት ሴቶች ምንጭ ዳር ቆመው ሲያወሩ እኔን ሲያዩ አንዷ እንስራዋን ሳትሞላ ሄደች። ከዚያ ሽማግሌው መጥተው የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የሽማግሌው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉን በአንድ በር ያስገባል።

«ዐረቡ፣ እናትህ ረጅም ነው?» አሉኝ።

«የኔ እናት? አጭር ናት። ለምን ጠየቁኝ አባቴ?»

«እንዲሁ ነው። ላም አለው?»

«አንድ ፍየል አለቻት።»

«አንድ ፍየል» አሉ፣ በጣም አዝነው። «ሌላስ? ደግ ነው? ሰው ያበላል?»

እናቴን የሚያውቅ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። እናቴ ከደረቅ ቴምር ፍሬው እንኳ እንዳይባክን ወቅጣ ለፍየሏ የምታበላ፣ ከገበያ የተረፋትን ክር ጥርሷ ውስጥ ይዛ የምትመለስ ሴት ነበረች። ንግድ የተማርኩት ከእሷ ነው። ግን በሰው ፊት እናት አትታማም። «ደግ ናት» አልኩ።

ሽማግሌው ቀጥለው «ወንድም አለህ እዚህ አገር? አጎት? የእናትህ ወገን?» አሉ።

«ማንም የለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሥተው ሄዱ። እኔም አሰብኩ፤ ሰው ዘመድህን የሚቆጥረው ቢገፋህ የሚጮህልህ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነው። አንድ ፍየልና አንዲት አጭር እናት ብቻ እንዳሉኝ አሁን አውቀዋል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ።

በማግሥቱ ጎረምሶች ከሱቄ በስተቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ሣሩን አጭደው መሬቱን ይደለድሉ ጀመር። ከሽማግሌው ጓሮ ጥግም የቀርከሃ ክምር በቀለ።

«የማን ቤት ነው የሚሠራው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የሰው» አለኝ አንዱ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ያን ጊዜ ገበያ ውስጥ አንድ ግሪክ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሱቅ ቦታ ያፈላልጋል የሚል ወሬ ነበር። ግሪክ ማለት ቆርቆሮ ክዳን፣ ጠርሙስ፣ መደርደሪያ፣ ከእኔ ሦስት እጥፍ ዕቃ ማለት ነው። ሁሉ ነገር ተገጣጠመልኝ። ቅቤ ሻጯ ያልተከራከረችው ግሪኩ ስለሚመጣ ነው። ሽማግሌው ያዘኑት ቦታውን እሳቸው ስለሸጡ ነው። እንደዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ ሒሳብ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም፤ ስሕተቱ አንድ ብቻ ነበር፣ ምንም እውነት የለበትም።

ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። ግቢው በር ላይ አገኘሁት።

«ወዳጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቦታው ለግሪኩ ተሰጠ?»

«የቱ ግሪክ?»

«አታሹፍብኝ። ከዓይኔ ሥር እየደለደሉ ነው።»

መሬት መሬት አየ። «ትኩሳቱ ለቀቀህ?» አለኝ።

«ስለ ትኩሳት አልጠየቅሁህም።»

«እህል ይስማማሃል? ትበላለህ?»

«ይህ ከተማ ምን ነካው? ሁሉም ሆዴን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ! ልታደልቡኝ ነው እንደ በሬ?»

ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ቀስ ያለ ድምፅ፣ «ትንሽ ታገሥ። በርታ። ሁሉን ትሰማለህ» አለኝ።

ለነጋዴ በርታ የሚባለው ሲከስር ነው። በዚያው ወደ በቅሎ አከራዩ ሄጄ ለአዲስ አበባ መንገድ ጭነት በቅሎዎች ያዝኩ። ሲባረሩ ከመሄድ ቀድሞ መሄድ ይሻላል፤ ቢያንስ ዕቃህን አንተ ትጭናለህ።

ከሰዓት በኋላውን አቡጀዲ ስጠቀልልና መርፌ ስቋጥር ዋልኩ። ቆርጦ መሄድ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከጅቡቲም፣ ከአራዳም ተነሥቻለሁ፤ ያን ጊዜ ዕቃዬን ስቋጥር አፏጭ ነበር። አሁን ግን ማፏጨቱ አልመጣልኝም። ከሽማግሌው ጓሮ የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚያወጣው ድምፅ ነው። ይህን መለየት መቼ እንደተማርኩ አላውቅም። ያገሬን ነፋስ ድምፅ ለማስታወስ ብሞክር አልመጣልህ አለኝ። ዕቃ የት እንደሚጫን አውቃለሁ፤ ይህ ግን የት ይጫናል?

በቅሎዎቹ አመሻሽ ላይ መጥተው በሬ ላይ ሲታሰሩ ሽማግሌው አዩ። በትራቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ ማለት ይቻላል።

«ወዴት ነው?»

«ወደ መጣሁበት።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ዓይን የለኝም አባቴ? አላይም?»

በትራቸውን በሩ ደፍ ላይ ተከሉ። «እንግዲያው እስኪነጋ ቆይ» አሉኝ። «ሳንነጋገር አትሂድ። በፈጣሪ።»

ስለ ግሪኩ ሊያስረዱኝ ነው ብዬ፣ እሺ አልኩ።

*

ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ ሰገድኩ። በቅሎዎቹን ጭነን ጨረስን። የፊት በሩን ለመዝጋት ስዞር፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

ሽማግሌው ከፊት ናቸው። ጸሐፊው አለ። ቅቤ ሻጯ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። የላይኛው ሰፈር ሰዎች፣ ከገበያ የማውቃቸው፣ ከማላውቃቸውም ብዙ። እኔም ያን ሁሉ ሰው ሳይ ደሜ ፈላ፤ ሸኝ ወታደር ሳይሆን ሸኝ አገር ላኩብኝ ብዬ።

«እየሄድኩላችሁ ነው!» አልኩ። «ምን ትሰበሰባላችሁ? ለግሪኩ ንገሩት፤ ጣሪያው ያፈሳል!»

ሽማግሌው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «የትኛው ግሪክ?» አሉት በሹክሹክታ።

«ኋላ እነግርዎታለሁ» አላቸው።

ከዚያ ሽማግሌው መጥተው ሁለት እጆቼን ያዙ። ከኋላዬ ሁለት ጎረምሶች ተጠግተው ቆሙ፤ ሊይዙኝ መሰለኝ። ሊይዙኝ ነበርም፤ ብወድቅ። ሽማግሌው አማርኛቸውን ትተው በወላይትኛ «ታ ኢሻው» አሉኝ። ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ዐረቡ እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም።

«እናትህ አርፏል» አሉኝ። «እኛ ሰምተን፣ አንተ ታመህ ስለነበር፣ እስክትበረታ ቆየን። አሁን ብቻህን ልትሄድ ስትል ጊዜ ግድ ሆነብን። እናትህ አርፏል፣ ልጄ። አልቅስ።»

ጎረምሶቹ ግራና ቀኝ ያዙኝ። ከሴቶቹ በኩል የቅቤ ሻጯ ድምፅ ቀድሞ ወጣ፤ ጨዌን ስትሰድብ በምታወጣው በዚያው ድምፅ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ጮኸ።

ጎረምሶቹ ቀርከሃውን አምጥተው በተደለደለው ቦታ ላይ ዳስ ጣሉ። ለኀዘንተኛ ነው የተዘጋጀው። ይህን ልማድ የማላውቅ መስሏቸው ነው በዓይኔ ፊት የሠሩት፤ እውነትም አላውቅም ነበር። በኋላ ጸሐፊው የግሪኩን ነገር ከአፌ አውጥቶ ግድግዳ ይዞ እስኪስቅ ሳቀና ለከተማው አዳረሰው። ያ ዳስ የተጣለበት ቦታ እስከ ዛሬ ስሙ «የግሪኩ ሱቅ» ነው።

እዳሱ ውስጥ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ መሀል አንዲት ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ በወላይትኛ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ቋንቋውን በገበያ ልክ ስለምሰማ መጀመሪያ ስለ ማን እናት እንደሚባል ግራ ገባኝ። ረጅሟ፣ ደጇ ከሰው የማይጎድል፣ ላሞቿ መስኩን የሞሉ፣ የእንሰት ጓሮዋ ጫካ የሚያህል እመቤት ናት የሚለቀስላት። ወደ ቅቤ ሻጯ ጠጋ ብዬ «ላም አልነበራትም እኮ፤ አንድ ፍየል ናት የነበረቻት» አልኩ።

በእንባዋ መሀል ገላመጠችኝ። «ዝም በል። በፍየል ይለቀሳል? ለሞተ ሰው ላም ብንጨምርለት ማን ወጥቶ ይቆጥራል?»

ክርክሩ ደስ አለኝ። በዚያ ሰዓት እንዲህ ይባላል? ግን ደስ አለኝ። እናቴም ብትሰማ፣ ያለ ዋጋ የተሰጣትን ላም የምትመልስ ሴት አልነበረችም።

ከዚያ አውራጇ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለች፤ ወላይትኛውን ወደ አማርኛ ሳመጣው ብዙ ይጎድለዋል፤

«የዐረቡ እናት፣ ላምሽን ማን ያልባል?
እንሰትሽን ማን ይፍቃል?
ልጅሽን ለእኛ ሰድደሽ፣
አንቺን ማን ቀበረሽ?»

ልጅሽን ለእኛ ሰድደሽ። እኔ ራሴን በጀልባ የመጣ፣ በባቡር የመጣ፣ ለትርፍ የመጣ አድርጌ ነበር የማስበው። ተልኬ መምጣቴን፣ የሚቀበለኝም መኖሩን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ቀትር ሲሆን ሽማግሌውን ጠርቼ፣ በሃይማኖቴ ጮኾ ማልቀስ እንደማይወደድ፣ ለእናቴም ልሰግድላት እንደሚገባ ነገርኳቸው። ቅር እንዳይላቸው ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ጥሩ ነው። አንተ አታልቅስ፤ እኛ እናለቅሳለን። ጎረቤት ለምን ሆነ?» አሉኝ። ከዚያ በትራቸውን አንሥተው ለሕዝቡ ጮኹ፤ «ዝም በሉ! ዐረቡ ከፈጣሪው ጋር ሊነጋገር ነው!» ሙሾ አውራጇ ግጥሟን ከመሀል ቆረጠች። ገብቼ ለሙታን የሚሰገደውን ሰገድኩ፤ ውጭ ያ ሁሉ ሰው ልጅ እንኳ ሳያስነጥስ ጠበቀኝ። ስወጣ ከተቋረጠችበት ቀጠለች።

ጸሐፊው በግ ይዞ መጣ፣ ቢላ ሰጠኝ። «ላርድልህ ብል የኔን አትበላም። እራስህ እረድ» አለኝ። አረድኩ። የኔ ምድጃ በዚህ፣ የእነሱ ምድጃ በዚያ ተጎለተ፤ አንድ ኀዘን በሁለት ድስት ተበላ። ከሁለቱም ድስት ሽታው አንድ ላይ እየወጣ ዳሱን ሞላው።

ወደ ማታ ዞር ብዬ ስመለከት በቅሎዎቹ የሉም። ጭነቱ ሱቄ ውስጥ ገብቷል፤ ጨው በጨው ቦታ፣ አቡጀዲው በአቡጀዲ ቦታ። ማን እንዳወረደው አላየሁም። ልቀር እንደሆነ የጠየቀኝም የለም። በቅሎ አከራዩን እንኳ ሽማግሌው «ሰውየው አይሄድም» ብለው መልሰውታል። በእኔ ጉዳይ እኔን ሳይጠይቁ ሲወስኑ ይህ ሁለተኛቸው ነበር። ለሌላ ነገር ቢሆን እጣላ ነበር።

*

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በላይኛው ሰፈር አንድ አዛውንት አረፉ። ሞት የሚለፍፈውን የቀንደ መለከት ድምፅ ሰማሁ፤ ግን የገበያ ቀን ነበር፣ ሱቁ ሞልቷል፣ ከገሱባ የመጡ ሰዎች አቡጀዲ እያስለኩ ነው። ሸኝቻቸው ዘግቼ ስወጣ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ዱቡሻው ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት መስክ ተቀምጧል። እጅ ነሥቼ ልቀመጥ ስል ሽማግሌው ጎረቤቴ በበትራቸው አስቆሙኝ።

«ዐረቡ ዘግይቷል» አሉ ለሸንጎው።

ጥቂት ከተመካከሩ በኋላ ፈረዱብኝ፤ ለኀዘንተኛው ቤት ማገዶ። እሺ አልኩና ወደ ገበያ ወርጄ አንድ ሸክም ፍልጥ ገዝቼ በተሸካሚ ላክሁ። ተሸካሚው ከነሸክሙ ተመልሶ መጣ።

«አንቀበልም አሉ» አለኝ። «በራሱ እጅ ይፍለጥ ብለዋል።»

ወጣሁ፤ ልከራከር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለእኔ አዝነው «ተዉት፣ የሰው አገር ሰው ነው፤ ልማዱን አያውቅም» አሉ። እኔም አፌን ከፍቼ «እውነታቸውን ነው» ልል ስል ከሴቶቹ በኩል ያ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«የምን የሰው አገር ሰው? እናቱን ያለቀስንለት ሰውዬ! ይፍለጥ እንጂ!»

አፌን ዘጋሁ። መጥረቢያ ሰጡኝ። ግንዱ ባሕር ዛፍ ነበር፣ እርጥብ። ከሚዛን በቀር መሣሪያ ጨብጬ ስለማላውቅ መጥረቢያው ግንዱን ትቶ መሬቱን መታ። ሰዉ ከበበኝ፤ ሁሉም መካሪ ሆነ። «እግርህን ክፈት!» «ኧረ እግሩን ይቆርጣል!» «ዐረብ አገር እንጨት የለም እንዴ?» ቅቤ ሻጯ ደግሞ «እንደ ጨው አትቆንጥር፣ ዘርጋው!» ትላለች። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። በመጨረሻ ግንዱ ተሰንጥቆ ተከፈለ፤ እኔም ቀና ብዬ ወገቤን ያዝኩ።

ሽማግሌው ጎረቤቴ መጥተው አንዱን ፍልጥ አነሡት፣ ገልብጠው አዩት።

«ቀጭን ነው» አሉና ሌላ ግንድ እንዲያመጡልኝ አዘዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸውና መጥረቢያውን አነሣሁ።